ፕሮሰሰሩን ከማስጨነቅህ በፊት ዲስኩን እየው

ከሐዋሳ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ሰላም ጋሼ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ዴስክቶፕ አለኝ፤ ትልቁ ኬዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 3470፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ፎቶሾፕ እሠራበታለሁ፣ አልፎ አልፎም የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። እስኪነሳ ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ፕሮግራም ከከፈትኩ ስታክ ያደርጋል። አንድ ልጅ ኦቨርክሎክ አድርጎ ፕሮሰሰሩን 4.5 ጊጋኸርዝ ሲያደርሰው በቪዲዮ አይቻለሁ። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። እኔም እንደሱ ላድርገው?»

ወንድሜ፣ ማሽንህን አትናቀው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለቢሮ ሥራ ተብሎ የወጣ ጠንካራ ዴስክቶፕ ነው። ገና ብዙ ያገለግልሃል። ኦቨርክሎኩን፣ ፕሮሰሰሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስሮጡን፣ ግን ተወው።

ዛሬውኑ፣ አንድ ብር ሳታወጣ፣ ይህን ሞክር። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግባና ሲፒዩ፣ ሜሞሪና ዲስክ የሚሉትን ሦስቱን ተመልከት። እንደነገርከኝ ከሆነ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ፣ ሜሞሪው አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ሲፒዩው ግን 20 እና 30 ላይ ሲመላለስ ታገኘዋለህ። ፕሮሰሰርህ እጁን አጣምሮ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የሚጠብቀውን ሠራተኛ ብታፈጥነው ምን ይጠቅምሃል? እቃውን የሚያቀብለው ነው የዘገየው።

ደግሞም ያንተ ማሽን ኦቨርክሎክ አይቀበልም። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። መነሻው 100 ሜጋኸርዝ ነው። ያንተ 3470 ይህን በ32 ያባዛና 3.2 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ቱርቦ፣ ሥራ ሲበዛበት በራሱ ፍጥነት የሚጨምርበት ዘዴ፣ ሲነሳ በ36 ያባዛና 3.6 ይደርሳል። ማባዣውን እንደልብ መቀየር የሚቻለው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ባላቸው፣ እንደ 3570 ኬ እና 3770 ኬ ባሉት ላይ ነው። ለዚያም ዜድ 77ን የመሰለ ቺፕሴት፣ ማለትም የቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ፣ ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። ያንተ ቦርድ ኪው 77 ነው፤ የዴል ባዮስም፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ እዚህ ቦታ ላይ ምንም ምርጫ አይሰጥህም። መነሻውን 100 ከፍ ላድርግ ብትል ደግሞ በዚህ ትውልድ ቦርድ ላይ ዲስኩንና የካርድ ማስገቢያውን የሚያንቀሳቅሰው ያው መነሻ ፍጥነት ነው። ጥቂት ፐርሰንት ከፍ ሲል ዲስኩ መሳሳት ይጀምራል። የሰው ሰርግ የያዘ ዲስክ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ እንድታደርግ አልፈልግም።

ሙቀቱንም አስብ። ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ3.6 ወደ 4.5 ብትወስደውና ለዚያ ቮልቴጁን ከ1.1 ወደ 1.3 ብታነሳው ሙቀቱ ከ70 ፐርሰንት በላይ ይጨምራል። የቢሮ ማሽን ፋን ይህን አይችልም። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር በ15 ፐርሰንት ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚያመጣው አየር ያንኑ ያህል ሙቀት አይሸከምም። በቪዲዮ ያየኸው ልጅ ትልቅ ማቀዝቀዣና ለዚሁ የተሠራ ቦርድ ነበረው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባውን ፈጣን ማጠራቀሚያ፣ ግዛ። ሌላ ምንም ባትገዛ እንኳ እሱን ግዛ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል መርፌ አለ። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል። መርፌው ለእያንዳንዱ መንገድ ይሄዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ሳታ በሚባለው የዲስክ ኬብል የሚሰካ ተራ ኤስኤስዲ በሴኮንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ትልቁ ልዩነት ግን እዚያ ትናንሽ ፋይሎች ላይ ነው። አምስት ደቂቃ የሚፈጀው አነሳስ ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል።

240 ጊጋ ይበቃሃል። 2.5 ኢንች የሳታውን ዓይነት በል። ያቺን ቀጭን ኤንቪኤምኢ አትግዛ፤ ያንተ ቦርድ ማስገቢያ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ሳታ 0 ተብሎ የተጻፈበት ላይ ሰካው፤ ፈጣኖቹ ሳታ 0 እና ሳታ 1 ናቸው። ሃርድ ዲስኩን አትጣለው። ጤነኛ ከሆነ ቪዲዮ ማጠራቀሚያ ይሁንህ፣ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ኤስኤስዲው ላይ ይሁኑ። ጤንነቱን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በምትባለው ነፃ ፕሮግራም እየው። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየህ ፎቶና ቪዲዮህን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ።

ገበያ ላይ ተጠንቀቅ። 1 ቴራ ተብሎ የተለጠፈበት፣ ዋጋው ግን ከሌላው ሁሉ በጣም የወረደ ኤስኤስዲ ካየህ እለፈው። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ተደርጎ ቁጥሩ የተዋሸ ዕቃ አለ። ሲሞላ ፋይልህን ይበላዋል። ሻጩ ለጥቂት ቀን እንዲመልስልህ ተስማማና ኤች 2 ቴስት ደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ባዶውን ሙሉ በሙሉ ሞልተህ አስነብበው። ሰዓታት ይወስዳል፣ ግን እውነቱን ያወጣዋል።

ቀጥሎ ራም። 4 ጊጋ ለፎቶሾፕ አይበቃም። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ስታክ ያደርጋል ያልከው ይህ ነው። 8 ጊጋ ያስተነፍስሃል፣ 16 ደግሞ ለቪዲዮ ደስ ይላል። ዲዲአር 3 የዴስክቶፕ ራም ነው የምትፈልገው። ላዩ ላይ «ፒሲ 3 12800» የሚል ይኖረዋል። የላፕቶፕ አጭሩ አይገባም፣ የሰርቨር ራምም አይሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ አለ። በርካሽ የሚሸጡ፣ ለኤኤምዲ ቦርድ ብቻ የተሠሩ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር 3 ራሞች አሉ። ኢንቴል ቦርድ ላይ ሲሰኩ ማሽኑ አይነሳም። ስትገዛ «ኢንቴል ላይ ይሠራል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ከተቻለ ኬዙን ይዘህ ሂድና እዚያው ሰክተህ ሞክረው።

አንድ ባለ 8 ከምትገዛ ሁለት ባለ 4 ይሻልሃል። ጫፋቸው ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ ማስገቢያዎች ላይ ስካቸው። ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል፣ መንገዱ በሴኮንድ ከ12.8 ወደ 25.6 ጊጋባይት ይሰፋል። አንተ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለህም። ስክሪኑን የሚሥለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኤችዲ 2500 ነው፣ እሱም ከዚሁ ራም ነው የሚበላው። ስለዚህ ጥቅሙ ድርብ ነው።

አሁን ኬዙን ከከፈትክ አይቀር አጽዳው። ከሶኬት ነቅለህ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጫን፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። አቧራውን ከቤት ውጭ በብሎወር አውጣ። ስትነፋ የፋኑን ክንፍ በጣትህ ያዘው፤ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ከዚያ ሂትሲንኩን፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ ብረት፣ ፍታ። አራቱን ብሎን በመስቀል አቅጣጫ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት አላላ። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ የሚያሻግረው ፔስት ከአሥር ዓመት በላይ ስለቆየ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኖ ነው የምታገኘው። በአልኮል ጥረገውና አዲስ አድርግ። መጠኑ ከምስር ከፍ፣ ከአተር ዝቅ ያለ አንድ ጠብታ ይበቃል። ኮር ቴምፕ በሚባለው ፕሮግራም ከማጽዳትህ በፊትና በኋላ ሙቀቱን ለካ። የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንተ ኦቨርክሎክ ስትመኝ፣ እሱ የተሰጠውን 3.6 እንኳ እየተጠቀመ ላይሆን ይችላል።

እዚያው ሳለህ ክብ የሆነችውን የቦርዱን ባትሪ፣ ሲአር 2032ን፣ ቀይራት። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስና ድረ ገጽ «አስተማማኝ አይደለም» እያለ የሚያስቸግር ማሽን ብዙውን ጊዜ ችግሩ እሷ ናት።

ይህን ሁሉ አድርገህ ቪዲዮው አሁንም ከዘገየ ወደ ፕሮሰሰር እንመለስ። ያኔ ያገለገለ አይ 7 3770 ፈልግ። ሶኬቱ ያው ነው፣ የሚበላው ኃይል ያው 77 ዋት ነው፣ ማሽንህም ከፋብሪካ አብሮት ይሸጥ ነበር። ያንተ አይ 5 በአንድ ጊዜ አራት ሥራ ይይዛል፣ አይ 7ቱ ስምንት። ያለቀው ቪዲዮ ወደ ፋይል ሲወጣ ልዩነቱን ታየዋለህ። ስትቀይር ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን እግሮች እንዳትነካ። አንዷ ከተጣመመች ቦርዱ ሊቀር ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ግን በነፃ ያለህን ተጠቀም። ኤዲት የምታደርግበት ፕሮግራም ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ የሚል፣ ቪዲዮ ለማውጣት ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራ ማፍጠኛን የሚጠቀም ምርጫ ካለው ቪዲዮውን ስታወጣ አብራው፤ ያንተም 3470 አለው። ስትቆርጥና ስትቀጥል ደግሞ በፕሮክሲ፣ ማለትም በቪዲዮው ቀለል ባለ ቅጂ፣ ሥራ።

ግራፊክስ ካርድ ካሰብክ የፓወር ሰፕላዩን አቅም አትርሳ። ባንተ ኬዝ ውስጥ ያለው 275 ዋት ነው። ተጨማሪ ኬብል የማይጠይቅ፣ ከማስገቢያው በሚያገኘው 75 ዋት የሚኖር ካርድ ብቻ ነው የሚሆንህ። ጂቲ 1030 የሚባለውን ካርድ ከገዛህ ሜሞሪው ጂዲዲአር 5 የሆነውን ለይ። ዲዲአር 4 የሚል መንትያ አለው፣ ስሙ አንድ ቢሆንም በጣም ደካማ ነው።

ባዮስ አፕዴትን በተመለከተ አንድ የራሴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት የአንድ ደንበኛ ማሽን ላይ ባዮስ እየጫንኩ መብራት ጠፋ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ አልነበረኝም። ማሽኑ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ቦርዱን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት። ለሰውዬው የሦስት ቀን ሥራ ነው የቆመበት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ማሽንህ ደህና ከሠራ ባዮሱን አትንካ። የግድ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ብቻ።

ዊንዶውስን በሚመለከት፣ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያንተን ሦስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ ከኢንቴል ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው የሚለው። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት እዚህ ማሽን ላይ ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል፣ ነገር ግን ፎቶሾፕ በቀጥታ አይጫንበትም። አንተ እንጀራህ ፎቶሾፕ ስለሆነ ለጊዜው ዊንዶውስ 10 ላይ ቆይ። የባንክ ነገር በዚህ ማሽን አትሥራ፣ የማታውቀውን ፍላሽም አትሰካበት። የደንበኞችህን ሥራ ሁለተኛ ቦታ ገልብጠህ ያዝ።

ዋጋ ያልጻፍኩልህ ሆን ብዬ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ይቀየራል። ሦስት ሱቅ ጠይቅ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ በዚህ ወር ኤስኤስዲውን፣ በሚቀጥለው ራሙን። ኤስኤስዲውን ስትሰካ ዊንዶውስ ከመጫንህ በፊት ባዮስ ውስጥ የሳታውን አሠራር ኤኤችሲአይ ላይ አድርገው። ከጫንክ በኋላ ብትቀይረው ሰማያዊ ስክሪን ያመጣብሃል። ስትጨርስ ያንኑ ታስክ ማናጀር ክፈትና ዲስኩ ስንት ላይ እንዳለ ጻፍልኝ።