ድራይቨር አትፈልግ፣ መጀመሪያ ዲስኮቹን ለያቸው

ወንድም ዓለም፣ ከፍኖተ ሰላም የላክኸው ጥያቄ ግልጽ ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት ጭነሃል። የመዝሙሩን ዲስክ ስታስገባ ፎልደሩ ይታይሃል፤ ኮፒ ላድርግ ስትል ግን «ኢንፑት/አውትፑት ኤረር» ይልሃል። የእህትህ የሰርግ ዲቪዲ ደግሞ ትንሽ ይሽከረከርና ዝም ይላል። «ድራይቨሩን ከየት ላውርድ?» ነው ያልኸው። ከየትም አታወርድም። የዲስክ ማንበቢያ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከሊኑክሱ ከርነል፣ ማለትም ከሥርዓቱ እምብርት ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለብቻው የሚጫን ነገር የለም። የኢንተርኔት ፓኬጅህን እሱን ስትፈልግ አትጨርሰው። የነገርኸን ሁለት ምልክት የሁለት የተለያየ ችግር ምልክት ነው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

ትእዛዞቹን በአነባበባቸው እጽፍልሃለሁ። በሰረዝ የተያያዙትን ፊደል በፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ የላቲን ፊደል ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ጻፋቸው።

መጀመሪያ የሰርጉን ዲቪዲ አስገብተህ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅና «ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ» ብለህ ኢንተር ምታ። ከሃርድ ዲስኩ መስመሮች በታች «ኤስ-አር-0» የሚል ታያለህ፤ መጨረሻዋ ዜሮ ቁጥር ናት እንጂ ኦ አይደለችም። በዚያው መስመር «ሮም» ከተባለ ኮምፒውተሩ ድራይቩን አውቆታል። ዋናው ግን የመጠን ዓምዱ ነው። ድራይቩ ባዶ ሲሆን ብዙ ጊዜ 1024ኤም ይጽፋል፤ ጀማሪ ይህን ያይና አንድ ጊጋ የሚሆን ነገር ተነብቧል ብሎ ይሳሳታል። የተነበበ ዲስክ የራሱን መጠን ነው የሚያሳየው፤ ሲዲ ከሆነ እስከ 700 ሜጋ፣ ጢም ያለ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ከሆነ 4.4ጂ አካባቢ። የሰርጉ ዲቪዲ ውስጥ እያለ አሁንም 1024ኤም ካለህ፣ ችግሩ ያለው ሌንሱና ዲስኩ መካከል ነው። እዚያ ላይ የሊኑክስ እጅ የለበትም፤ መልሶ ዊንዶውስ መጫንም አይፈታውም።

«ኤስ-አር-0» ጭራሽ የማይታየው ሌላ ሰው ካለ፣ የኮምፒውተሩን የኃይል ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ነቅሎ የውስጥ ገመዶቹን ይይ። ሳታ በሚባለው መያያዣ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝ ድራይቭ ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ ጠባቡ ባለ 7 ፒን የዳታ፣ ሰፊው ባለ 15 ፒን የኃይል ነው። ትሪው እየተከፈተ ድራይቩ ካልታወቀ ኃይል አለው ማለት ነው፤ ስለዚህ የዳታ ገመዱን ቀይረው፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቀዳዳ ሞክር። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ያ የሳታ ወደብ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካው ቀጭን ድራይቭ ላይ የተለመደው ችግር የኃይል ማነስ ነው። ዩኤስቢ 2 ወደብ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ሲሆን ሞተሩ ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቀጭ ቀጭ ይልና ይጠፋል። በቀጥታ ከኋላ ወደብ ሰካው፣ ወይም ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ ተጠቀም።

አሁን ወደ መዝሙሩ። ፎልደሩን ስትከፍተው «ኤምፔግ-ኤቪ» የሚል ንዑስ ፎልደር፣ በውስጡም «ኤቪ-ሴክ-01» ተብሎ በ«ዳት» የሚያልቅ ፋይል ካለ፣ ዲስኩ ቪሲዲ፣ ማለትም ቪዲዮ የተጻፈበት ሲዲ ነው። በአንድ ወቅት መዝሙሩም ድራማውም የሚሸጠው በዚህ ስለነበር በየቤቱ ሣጥን የተቀመጠው ዲስክ አብዛኛው እሱው ነው። ዲስክህም ድራይቭህም ጤነኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲዲ ላይ አንዱ ሴክተር (ዳታው ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ቁራጭ) 2352 ባይት ነው። በተራ የዳታ ሲዲ ከዚያ ውስጥ ለፋይል የሚውለው 2048 ብቻ ነው፤ ከቀረው አብዛኛው የስህተት ማረሚያ ነው። ቪሲዲ ግን ማረሚያውን ትቶ ለቪዲዮው 2324 ባይት ይወስዳል። ሊኑክስ በተለመደው ኮፒ 2048 ጠብቆ ይሄድና ያልጠበቀው ሲገጥመው ያን ኤረር ይጥላል። ዊንዶውስ ፋይሉን ዝም ብሎ ኮፒ ስለሚያደርግ ነው ሰው «ሊኑክስ አበላሸው» የሚለው።

ለማየት ቪኤልሲን ጫን፤ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪ-ኤል-ሲ» በቂ ነው። ፋይሉን ከፎልደሩ ላይ አትክፈተው። ቪኤልሲ ውስጥ ሚዲያ የሚለውን፣ ቀጥሎ ኦፕን ዲስክ፣ ከዚያ «ኤስቪሲዲ/ቪሲዲ» የሚለውን ምረጥና አጫውት። ወደ ኮምፒውተርህ ለማውጣት ደግሞ «ቪ-ሲ-ዲ-ኢሜጀር» የሚባለውን ጥቅል በዚያው መንገድ ጭነህ፣ ባዶ ፎልደር ውስጥ ሆነህ «ቪ-ሲ-ዲ-ኤክስ-ሪፕ» በል። በመቀጠል አንድ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሲዲሮም-ዲቫይስ» (እዚህ መሐል ያለችው ሰረዝ ራሷ ትጻፋለች)፣ የእኩል ምልክት፣ «ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስ-አር-0» ጻፍ። የሚወጣው ፋይል ኤምፔግ ነው፤ በቪኤልሲ ይጫወታል። ጥራቱ 352 በ288 ነው፤ የዲስኩ የራሱ ጥራት ያ ስለሆነ ብዥ ቢልብህ ፕሮግራሙን አትቀያይር።

የሰርጉ ዲቪዲ ከበድ ይላል። ድራይቭህ ሲዲ ማንበቡ ዲቪዲ ማንበቡን አያረጋግጥም። ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር ሌዘር፣ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ነው፤ አንዱ ደክሞ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤትም ቢሆን ፋብሪካ ያተመው ዲቪዲ ተውሰህ ሞክር፤ ከታች ሲታይ ብርማ ነው፣ ሐምራዊ የሚመስለው በቤት የተጻፈ ነው። የፋብሪካው ከተነበበ ድራይቭህ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ይበልጥ የሚጠረጠረው የሰርጉ ዲስክ ነው። እሱም ካልተነበበ ሌንሱን አጽዳ።

ሌንስ ስታጸዳ አትቸኩል። የኮምፒውተሩን የኃይል ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ንቀል፤ ትሪውን ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የወረቀት መርፌ አስገብተህ አስወጣ። ድራይቩን አውጥተህ ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፍታ። ሌንሱ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነው፤ በስስ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የተቀመጠው፣ ከተጫንኸው ቦታውን ይስታል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በፋርማሲ አልኮል ነክረህ፣ ጨምቀህ፣ አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ አስነካው። የፋርማሲው ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ስለሆነ ውሃ አለበት፤ ደህና አድርጎ እስኪደርቅ ተወው። ሽቶም አረቄም አይሆንም፣ ቅሪት ይተዋል። የምድጃ ጭስ በሚገባበት ቤት የቆየ ሌንስ ላይ ይህ ብቻውን ለውጥ ያመጣል።

ዲስኩን ራሱን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረገው፤ ዙሪያውን አታሽከርክር። ዳታው የተጻፈው በክብ መስመር ስለሆነ፣ በዚያው አቅጣጫ የተጫረ ጭረት ተከታታይ ሴክተሮችን አንድ ላይ ያጠፋል። ክረምቱን እርጥበት ሥር የከረመ ዲስክ ጠርዙ ላይ ሻጋታ ካለው ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል። ሲዲ ላይ ደግሞ የላይኛውን ገጽ አደራ፤ አንጸባራቂው ሽፋን ከጽሑፉ ሥር ነው ያለው። ወደ ፀሐይ ስታነሳው ብርሃን በነጥብ በነጥብ ካሳለፈ ያ ቦታ ተመላሽ የለውም።

ሌላም አለ። ቪዲዮ ቤቱ ሲጽፈው «ፋይናላይዝ» ሳያደርግ፣ ማለትም ዲስኩን በመጨረሻ ሳይዘጋው ትቶት ከሆነ በአንዱ ማጫወቻ እየሠራ ሌላው ላይ ባዶ ይመስላል። ቪዲዮውን የሠሩትን ሰዎች ካገኘህ በጻፉበት ማሽን እንዲዘጉልህ ጠይቅ።

በተረፈ አንዴ እንኳ ከተነበበ ደጋግመህ አታጫውተው፣ ወዲያው ገልብጠው። «ጂ-ዲ-ዲ-ሬስኪው» የሚባለውን ጥቅል ጫን፤ ትእዛዙ ግን ያለ መጀመሪያዋ ጂ «ዲ-ዲ-ሬስኪው» ነው። ከሱዶ ቀጥሎ እሱን፣ ሰረዝ ኤን፣ ሰረዝ ቢ 2048፣ የድራይቩን አድራሻ («ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስ-አር-0»)፣ ሰርግ-ነጥብ-አይኤስኦ እና ሰርግ-ነጥብ-ማፕ ብለህ ጻፍ። ይህ ጤነኛውን ክፍል ቶሎ ይሰበስባል። ከዚያ ሰረዝ ኤኗን በሰረዝ ዲ እና በሰረዝ አር 3 ተክተህ ያንኑ ድገመው፤ ያልተነበቡትን ቦታዎች ብቻ እየተመለሰ ይሞክራል። የማፕ ፋይሉን አትሰርዝ፣ የት እንደደረሰ የሚያስታውሰው እሱ ነው። ሌሊቱን ቢፈጅ አትደንግጥ። የወጣውን ወደ ፍላሽ ስትገለብጥ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለህ ፍላሹ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በኤክስፋት ፎርማት አድርገው። ቪሲዲውን ግን በዚህ መንገድ አትሞክር፤ በዚያው በ2048 ምክንያት ይከሽፋል።

«ሊብ-ዲ-ቪ-ዲ-ሲ-ኤስ-ኤስ» የሚባለውን ጫን ብለው የሚመክሩህ አይጠፉም። እሱ የሚያስፈልገው ኮፒ እንዳይደረግ የተቆለፈ የፋብሪካ ፊልም ለማየት ነው። የሰርግ ቪዲዮ አይቆለፍም፤ ኢንተርኔትህን ቆጥብ።

ዲስኩ አልወጣ ካለህ ያልተዘጋ ፕሮግራም ይዞት ነው፤ ቪኤልሲንና የፎልደሩን መስኮት ዝጋና «ኢጀክት» በል። ዲስኩን ከሥርዓቱ ለማላቀቅ «ዩ-ማውንት» ስትል ደግሞ ከዩ ቀጥሎ ኤን የለም፤ ይህችን የማይሳሳት ጀማሪ የለም።

ድራይቩን ለማስለወጥ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ከመላክህ በፊት፣ የፋብሪካውን ዲቪዲ አስገብተህ «ሱዶ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» ስትል የሚመጡትን የመጨረሻ አሥር መስመሮችና የ«ኤስ-አር-0»ን የመጠን ዓምድ በፎቶ ላክልን።