ባላንጣ፣ ተጋጣሚ ወይስ ተፎካካሪ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና የተገናኙበትን የስፔን ንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ እያነሳን ስንጨቃጨቅ ነገሩ ከኳስ ወደ ቋንቋ ዞረ። እኔ «ሁለቱ ባላንጣዎች» ስል እሱ «ጦርነት ነው እንዴ? ተጋጣሚዎች በል» አለኝ። «ባርሳ 2 ለ 1 ተሸነፈ» ስል ደግሞ «የተሸነፈው ባርሳ ከሆነ 1 ለ 2 ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። «ሪያል ዋንጫውን በላ» ስል ጭራሽ ሳቀብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ከባላንጣ ልጀምር፤ ብዙ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ወንድምህ የመረጠው «ተጋጣሚ» ገጠመ ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነው። ገጠመ ማለት ልክ ሆኖ ተያያዘ ማለት ነው። ክዳን ይገጥማል፣ በር ይገጥማል። ቤት የሚመታው ግጥምም ከዚሁ ነው የመጣው። (ግጥምና ግጥሚያ ወንድማማች መሆናቸው እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል።) ግሱ ላይ «ተ» ጨምረን ገ-ን ጋ ስናደርጋት «እርስ በርስ» የሚል ትርጉም ይመጣል፦ ተጋጠመ። ተፋለመም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከእነሱ ተጋጣሚና ተፋላሚ ይወጣሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ድርጊት ነው። ድርጊቱ ሲያልቅ ስሙም አብሮ ያልቃል። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ተጋጣሚነት አበቃ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ተጋጣሚ ይመጣል።

ባላንጣ ግን ድርጊት አይጠብቅም። ሰው ተኝቶም ባላንጣ ነው። ሪያልና ባርሳ ጨዋታ በሌላቸው ሳምንትም ባላንጣዎች ናቸው። ቃሉ ከጀርባው ታሪክ ይፈልጋል፤ የቆየ ቁጭት፣ ያልተመለሰ ብድር። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለት ክለቦች ባላንጣ ማለትህ ያስኬዳል። የማያስኬደው ዕጣ ያገናኛቸውን፣ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ቡድኖችን ባላንጣ ማለት ነው። አንዳንድ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ሜዳ የገባውን ሁሉ ባላንጣ ሲሉት እሰማለሁ። እውነተኛው ባላንጣ ሲመጣ ምን ሊሉት ነው?

«ባላጋራ» ይቅር እላለሁ። እሱ የችሎት ቃል ነው፤ ተካስሰህ ከፊትህ የሚቆመው ሰው ባላጋራህ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በጴጥሮስ መልእክት፣ ዲያብሎስም የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። ለኳስ ቡድን በዛ። «ተቀናቃኝ» ደግሞ አንተ የያዝከውን ቦታ የሚመኝ ነው፤ የዙፋን ተቀናቃኝ እንደምንለው። ለሻምፒዮንነት አንገት ለአንገት ለተያያዙ ክለቦች ጥሩ ነው፤ ለአንድ ቀን ጨዋታ ግን ብዙም አይመቸኝም።

«ተፎካካሪ»ስ? ዛሬ ከሁሉም ለስላሳው ቃል እሱ ነው። ፖለቲካው ውስጥ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ተቃዋሚ ፓርቲ» የሚለው አጠራር ለ«ተፎካካሪ ፓርቲ» ቦታ እየለቀቀ መሄዱ ለዚህ ነው፤ ጠብ ጠብ አይሸትም። የሚገርመው ግን ሥሩ ፎከረ ነው። ፉከራ ጦር ሜዳ ላይ ጀግናው ጠላቱን የሚያስፈራራበት፣ ጀብዱውን የሚቆጥርበት ነበር። ጦሩ ከቃሉ ወጥቶ ውድድሩ ብቻ ቀረ። ወንድምህ «ጦርነት ነው እንዴ?» ካለህ፣ ይህችን ንገረው።

መቼም ሳልጠቅሰው የማላልፈው «ደርቢ» አለ። ደርቢ በልማድ የጎረቤታሞች፣ በተለይም የአንድ ከተማ ክለቦች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያው ዋንጫ ፍጻሜ አትሌቲኮ ማድሪድ ሪያል ማድሪድን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ደርቢ ነበር። በዓመቱ የሪያልና የባርሳው ፍጻሜ ግን ደርቢ አልነበረም፤ ሁለቱ የሁለት ከተማ ክለቦች ናቸው። የእነሱ ጨዋታ የራሱ ስም አለው፤ ኤል ክላሲኮ። የሞቀ ጨዋታ ሁሉ ደርቢ አይደለም።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በአማርኛ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል፤ ማን እንዳገባና ማን እንደገባበት የሚነግረን ግሱ ነው። «ሪያል ባርሴሎናን 2 ለ 1 አሸነፈ» እንላለን። ገልብጠን «ባርሴሎና በሪያል 2 ለ 1 ተሸነፈ» ስንልም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ውጤቱ የጨዋታው እንጂ የቡድኑ አይደለም። መራና ተመራም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ቀን ዲ ማሪያ ቀድሞ ሲያገባ ባርሳ 1 ለ 0 ተመራ። «0 ለ 1 ተመራ» ብትል ጆሮ ይቆረቁራል። ባርትራ ሲያስተካክል 1 አቻ ሆኑ። ጋሬዝ ቤል በ85ኛው ደቂቃ ያንን ረጅም ሩጫ ሮጦ ሲያስቆጥር ደግሞ 2 ለ 1።

ወንድምህን ያሳሳተው የተጻፈው ውጤት ይመስለኛል። «ባርሴሎና 1 – 2 ሪያል ማድሪድ» ተብሎ ሲጻፍ እያንዳንዱ ቁጥር ከባለቤቱ ስም አጠገብ ይቀመጣል። እዚያ ግስ የለም፤ ስለዚህ ቦታው ይናገራል። ግስ በሌለበት ንግግር ግን ተጠንቀቅ። «ጨዋታው 2 ለ 1 ተጠናቀቀ» ማለት ብቻውን ማን እንዳሸነፈ አይነግርም፤ «በሪያል አሸናፊነት» ማለት አለብህ። በመለያ ምት ያለቀ ከሆነም «4 ለ 3 አሸነፈ» ብሎ ማቆም ያሳስታል። «በመለያ ምት» የምትለው ቃል አትቅር፤ ጨዋታው ራሱ በአቻ ውጤት ነዋ ያለቀው። መለያ የመጣው ለየ ከሚለው ነው። ተጫዋቾች የሚለብሱት መለያም ያው ነው፤ አንዱ ቡድንን ከቡድን ይለያል፣ ሌላው አሸናፊን ከተሸናፊ።

ዋንጫ በላ የሚለው ቀላል ነው። ዋንጫ ድሮ ከቀንድ የሚሠራ መጠጫ ነው፤ ታዲያ እንዴት ይበላል? እዚህ «በላ» ምግብን አይመለከትም። ቁማር በላ፣ ዕቁብ በላ እንደምንለው፣ የደረሰውን አግበሰበሰ ለማለት ነው። ለጓደኛ ሲወራ ያምርበታል፤ እኔም እላለሁ። ለጋዜጣ ከሆነ ግን ዋንጫውን አነሳ ወይም ወሰደ ይሻላል፤ ስለዚህ ይህችን ነጥብ ለወንድምህ ሰጥቻለሁ። «ዋንጫውን ጠጣ» ብትል ኖሮ ግን እኔም አብሬው እስቅብህ ነበር።

እንግዲህ ወንድምህ 2 ለ 1 ተሸንፏል። «1 ለ 2» ካለህ ከላይ ያለውን ደግመህ አንብብለት።