ከ127ቱ ተሸናፊዎች ስለ አንዱ፦ ለደብረ ብርሃን ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከተማሪዎቼ ጋር ቁጭ ብዬ ካወራኋቸው ጉዳዮች የከበዱኝ ስለ ማሸነፍ ሳይሆን ስለ መሸነፍ ያወራናቸው ነበሩ። በተለይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቁጥር ከሰው ዓይን የሚሸሹ፣ ቤታቸው ገብተው በር የሚዘጉ ልጆች አያለሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ለቀሩት ምን እንደምላቸው ሳስብ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወደምወደውና ወደማውቀው ወደ ሜዳ ቴኒስ እመለሳለሁ።

በአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች፣ ማለትም በአውስትራሊያ፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዙ ዊምብልደንና በአሜሪካ፣ ለወንዶች ነጠላ ዕጣ ውስጥ የሚገቡት 128 ተጫዋቾች ናቸው። ሰባት ጊዜ ያሸነፈው አንዱ ዋንጫውን ያነሣል፤ 127ቱ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አቻ መለያየት የለም፤ እንደ እግር ኳስ ሊግ በሚቀጥለው ሳምንት የሚካስ ነጥብም የለም። ከ128ቱ 16ቱ ደግሞ ዋናው ውድድር ሳይጀመር ሦስት የማጣሪያ ግጥሚያ አሸንፈው የገቡ ናቸው።

ከእነዚህ የማጣሪያ ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ኒኮላ ማሁ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በዊምብልደን 18ኛ ሜዳ ከአሜሪካዊው ጆን ኢስነር ጋር የመጀመሪያ ዙር ግጥሚያውን ጀመረ። በወቅቱ የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ እየተካሄደ ስለነበር በከተማችን ሻይ ቤቶች ከጋና ሌላ ወሬ አልነበረም። ከአምስት ክፍል ሦስቱን የወሰደ በሚያልፍበት በዚህ ጨዋታ ሁለቱ ሁለት ለሁለት ሆነው ሳለ መሸና ለማግስቱ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ደንብ አምስተኛውን ክፍል ለማሸነፍ በሁለት ጌም መብለጥ ግድ ነበር። ጌም ማለት በነጥቦች የሚወሰድ የክፍሉ ቁራጭ ነው፤ በየጌሙም ሁለቱ እየተፈራረቁ ሰርቭ ይመታሉ፣ ማለትም ኳሷን ያስጀምራሉ። ሁለቱም በሰርቫቸው ጌሙን አላስነጥቅ ስላሉ ውጤቱ እኩል እየሆነ ቀጠለ። የውጤት ሰሌዳው 47 ለ 47 ላይ ደርሶ ሥራ አቆመ፤ የሠሩት ሰዎች ከዚያ ያለፈ ቁጥር ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበርና። 59 ለ 59 ሲሆኑ እንደገና መሸ። በሦስተኛው ቀን ኢስነር 70 ለ 68 አሸነፈ። ጨዋታው በጠቅላላው 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጅቷል።

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በአምስተኛው ክፍል ሰርቩን ቀድሞ የሚመታው ኢስነር ስለነበር፣ ማሁ ከ60 ጊዜ በላይ ሰርቭ የመታው ያንን ጌም ካጣ ከውድድሩ እንደሚወጣ እያወቀ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አልተሸነፈም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈና አበቃ። ነጥቦቹ ሲቆጠሩ ግን ከ980ው ነጥብ 502ቱን ያገኘው ተሸናፊው ማሁ ሆኖ ተገኘ፤ አሸናፊው ያገኘው 478 ነው። አሸናፊው ኢስነርም ጉልበቱ አልቆ ስለነበር በማግስቱ በሁለተኛው ዙር በቲዬሞ ደ ባከር 6 ለ 0፣ 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 ተሸነፈ። ማሁ በነጠላ ታላቅ ዋንጫ አላነሣም። በጥንድ ግን ከኋላ መጥቶ፣ ከአገሩ ልጅ ከፒየር ኡግ ኤርበር ጋር፣ በዚያው በዊምብልደን በፈረንጆቹ 2016 ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2019 ባለው ጊዜም የአራቱንም ታላላቅ ውድድሮች የጥንድ ዋንጫ ሰብስቧል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ በተሸነፋችሁ ማግስት ከልቅሶው በፊት ደብተር አውጡ። እኔ ተጫዋቾቼን አስይዛቸው የነበረው ሦስት ዓምድ ነው፦ በራሴ ስህተት የሰጠሁት፣ ተጋጣሚዬ በብቃቱ የወሰደብኝ፣ እኔ ሠርቼ ያገኘሁት። ፈተናም እንዲሁ ይመረመራል። ጨርሶ ያላወቃችሁት ጥያቄ፣ ሰዓት ያለቀባችሁ ጥያቄ እና አጣድፋችሁ ያጠቆራችሁት ጥያቄ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ትምህርት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ልምምድ፣ ሦስተኛው እርጋታ። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ሦስቱንም «ወደቅሁ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። እኔ ይህንን ቃል አልወደውም።

ሌላው የማሳስባችሁ ሁለተኛውን ሰርቭ ነው። በቴኒስ ሰርቭ የሚመታ ሰው ሁለት ዕድል አለው፤ ሁለቱንም ካበላሸ ነጥቡን ያጣል። ልጆች ግን የመጀመሪያውን በኃይል መምታት እንጂ ሁለተኛውን መለማመድ አይወዱም። ክሮኤሺያዊው ጎራን ኢቫኒሴቪች በዊምብልደን ሦስት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1992፣ 1994 እና 1998፣ ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፎ ነበር። በፈረንጆቹ 2001 በዓለም 125ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ በልዩ ግብዣ ገባና ከፓትሪክ ራፍተር ጋር ለፍጻሜ ደረሰ። ዋንጫው አንድ ነጥብ ሲቀረው ሁለቱንም ሰርቭ አበላሸ። እንደገና አንድ ነጥብ ቀረው፤ እንደገና ሁለቱንም አበላሸ። ሦስተኛውን ዕድል ራፍተር ኳሷን ከአናቱ በላይ አሳልፎ ነጠቀው። በአራተኛው ራፍተር ኳሷን መረብ ላይ መታትና አምስተኛው ክፍል 9 ለ 7 አለቀ። በልዩ ግብዣ ገብቶ የዊምብልደንን የወንዶች ነጠላ ያሸነፈ ከእርሱ በቀር የለም። እናንተም ከፈተናው ጎን ለጎን በእጃችሁ የምትሠሩት አንድ ሙያ ይኑራችሁ፤ ብየዳም ይሁን የኤሌክትሪክ ሥራ። ይህም የናንተ ሁለተኛ ሰርቭ ነውና ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ትጋት ተለማመዱት።

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ የበደልኩት ልጅ ስላለ ነው። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ የመረብ ኳስ መረባችንን ዝቅ አድርገን አስረን፣ በኖራ መስመር አስምረን፣ 16 ልጆች በቴኒስ አጋጠምኩ። ከባሶና ወረና ገጠር በብርድ በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። እኔም ዕጣው ላይ ስሙን ሰርዤ፣ አንድ ቃል ሳልነግረው ያሸነፉትን ብቻ ለልምምድ ጠራሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው አልመጣም። የማሁን 502 ነጥብ በሰማሁበት ሳምንት በነጥብ መቁጠሪያ ጭረት የተሞላውን የድሮ ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ የዚያን ቀን ገጽ ቆጠርኩ። የእርሱ 61 ነው፤ የአሸናፊው 57።

ልጄ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነሃል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ፤ መጥተህ ብታየው ደስ ይለኛል። በዚያን ቀን ጠርቼ ልነግርህ ይገባኝ የነበረውን ስላልነገርኩህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።