ነጥቡ «ላይ» ወይስ በነጥቡ «ዙሪያ»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የኮምፒውተር ግራፊክስ ተማሪ ነኝ። ሥራዬን በአማርኛ ሳብራራ «አራት ማዕዘኑን በነጥቡ ዙሪያ ማማከል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ማማከል ልክ አይደለም፣ ሴንተር ማድረግ በይ» አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ «ማማከል»ን እንዳትጥዪው። መስተካከል ያለበት «ዙሪያ» ነው።

«ዙሪያ» ከ«ዞረ» የወጣ ነው። ደሴ ዙሪያ ስንል ከተማዋን የከበበውን ወረዳ እንጂ ፒያሳን ማለታችን አይደለም። ቅርጹ በነጥቡ ዙሪያ ነው ካልሽኝ፣ እኔ የሚታየኝ ሲሽከረከር ነው። እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ቅርጹን ወደ ዜሮ ነጥብ፣ ማለትም ልኬቱ ወደሚጀምርበት ቦታ ማምጣት፣ ማዞር፣ ከዚያ ወደ ቦታው መመለስ። ሲማከል ግን የሚዞር ነገር የለም። የቅርጹ መሃል ነጥቡ ላይ ያርፋል፣ በቃ። ብዙ ፕሮግራሞች አራት ማእዘንን የሚስሉት ከላይኛው ግራ ጥግ ተነስተው ስለሆነ፣ ከነጥቡ የወርዱንና የቁመቱን ግማሽ ትቀንሻለሽ። ነጥቡ ከግራ 300፣ ከላይ 200፣ የቅርጹ ወርድ 200፣ ቁመቱ 100 ቢሆን፣ ጥጉ ከግራ 200፣ ከላይ 150 ላይ ይውላል። ስለዚህ «ነጥቡ ላይ ማማከል» በይ።

«ያማከለ ማለት ግምት ውስጥ ያስገባ ነው፤ ለቅርጽ አይሆንም» የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። እሱ የቢሮ አማርኛ ያስፋፋው ፍቺ ነው። ግንዱ የግእዙ «ማእከል» ነው። «መካከል»ም «አማካይ»ም የሱ ዘሮች ናቸው። የኳሱን አማካይ ተዪውና የሒሳቡን ውሰጂ። የሦስት ማእዘን መሃል የሚገኘው የሦስቱን ጥጎች አማካይ በማውጣት ነው፤ ተደምረው ለ3 ይካፈላሉ። ቃሉና ስሌቱ አንድ ቤት ናቸው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሳልረሳው፣ ግእዙ «ማእከል»ንም «ማእዘን»ንም የሚጽፈው በአልፉ «አ» ነው። ዛሬ በየሕንፃው ላይ የምናየው በዐይኑ «ዐ» የተጻፈውን «ማዕከል» ነው። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። እኔ በ«አ» መጻፌን አልተውም፤ አንቺን ግን ተሳሳትሽ ማለት አልችልም፣ አገሩ ሁሉ ጽፎታል።

«ሴንተር»ም በአፍ አሸንፏል። ደሴ ኅትመት ቤት ገብተሽ «ጽሑፉን ሴንተር አርገው» ብትዪ ወዲያው ይገባቸዋል፤ «አማክለው» ብትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ ይጠይቁሻል። ለንግግር ይሁን። በጽሑፍ ግን «አማከለ» እንደ ልብ ይረባል፦ ያማክላል፣ ተማከለ፣ የተማከለ ቅርጽ፣ አማካይ ነጥብ። «ሴንተር» ሁልጊዜ «አደረገ»ን ወይም «ሆነ»ን መጎተት አለበት።