የከርሰ ምድር ፍሳሽ መስመርን በሮቦትና በድሮን ስለመፈተሽ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ የሰፈራችን ማንሆል ክረምት በገባ ቁጥር ሞልቶ ይፈሳል። ሰው ወርዶ አይቶ መፍትሔ ቢሰጠው አይቀልም ወይ?

መልስ፦ አይቀልም፤ ምክንያቱም ጋዝ አለ። ፍሳሽ አየር አጥቶ ሲብላላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ከማንሆሉ ሥር ይተኛል፤ መጠኑ ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ደግሞ የማሽተት አቅምን ስለሚያደነዝዝ፣ ሠራተኛው «ሽታው ቀነሰ» ብሎ ልቡን በሚጥልበት ሰዓት አደጋው እጅግ የከፋ ነው። ጓደኛውን ለማውጣት የሚወርደው ሁለተኛው ሰው አብሮ የሚቀረውም በዚሁ ነው። ሮቦት ቢቆም ግን በገመዱ ተጎትቶ ይወጣል፤ ባይወጣም የጠፋው ንብረት ብቻ ነው።

ስለ እርስዎ ሰፈር ግን አንድ ነገር ልጨምር። በበጋ ደህና ሆኖ በክረምት ብቻ የሚሞላ መስመር ሲያጋጥመኝ፣ ከቱቦው ስብራት በፊት የምጠረጥረው የጣሪያና የግቢ ዝናብ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር መገናኘቱን ነው። ይህንን ለማወቅ ሮቦት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ጉዳት የሌለው ጭስ በማንሆሉ ሲነፋ በየትኛው ቤት አሸንዳ እንደሚወጣ ማየት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሮቦት ይሻላል ወይስ ድሮን?

መልስ፦ በኮንዶሚኒየም መንደሮች ውስጥ ላሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ሮቦቱ ይበቃል። ዙሪያውን የሚቃኝ ካሜራ የተገጠመለት ባለጎማ ተሽከርካሪ ነው፤ ኃይል የሚያገኘውም ምስል የሚልከውም በገመድ ሲሆን፣ ከማንሆሉ ስንት ሜትር እንደራቀ የሚታወቀውም ከተለቀቀው ገመድ ርዝመት ነው። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ስንጥቁ ያለበት ሜትር ከታወቀ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር መቆፈር አያስፈልግም።

ድሮን የሚጠቅመው ሰው ቆሞ ሊሄድበት በሚችል ሰፊ መስመር ውስጥ ነው። ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ እንዳይሰበር በቀላል ፍርግርግ ይታጠራል፤ የሳተላይት ምልክት ከመሬት በታች ስለማይደርስም መንገዱን የሚለየው በራሱ ካሜራና ሌዘር ነው። ባትሪው ግን አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ይሠራል።

ጥያቄ (ከቃሊቲ)፦ ሰፋፊዎቹ የኮንክሪት መስመሮች ውሃ የማይነካው ጣሪያቸው ቀድሞ የሚበላው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ያው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ነው። ከውሃው ወጥቶ እርጥብ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ኮንክሪቱን እየፈረፈረ ብረቱን ያጋልጣል። ድሮን ጣሪያውን በቅርበት ስለሚያሳይ እንዲህ ላለው ፍተሻ ብመርጠው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ቱቦው ሞልቶ ከሆነስ?

መልስ፦ ካሜራ በድፍርስ ውሃ ውስጥ አያይም። አስቀድሞ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ፌስታሉና ደለሉ ከወጣ በኋላ፣ ፍሳሹ በሚቀንስበት ሌሊት ይፈተሻል። ውሃው የማይቀንስ ከሆነ ከሥር የተኛውን ደለል በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ አለ።

ጥያቄ፦ ተራ የሰርግ መቅረጫ ድሮን ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ አልመክርም። ከፍሳሽ የሚወጣው ሌላው ጋዝ፣ ሚቴን፣ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ ከድሮኑ በምትወጣ አንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ከመግባቱ በፊት ጋዙ መለካት፣ ማንሆሉም ተከፍቶ መናፈስ አለበት።