ፍላሹን ንቀይና ሳንቲም ወርውሪ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በሒሳብ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞርኩ ተማሪ አስጠናለሁ። መሆን የምፈልገው ግን ዳታ አናሊስት ነው። ስልኬም ፍላሼም በሒሳብና በስታቲስቲክስ ቪዲዮ ተጨናንቋል፤ አንዱንም አልጨረስኩም። በቅርቡ ለኢንተርቪው ተጠርቼ ‹ፒ-ቫሉ ምንድን ነው?› ሲሉኝ ዝም አልኩ። ከየትኛው ልጀምር? ከፍዬ ሰርተፍኬት ብወስድስ ይሻላል ይላሉ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ማለትሽ አያሳፍርም። ብዙ ሰው እዚያች ጥያቄ ላይ አፉን ሞልቶ «መላምቱ እውነት የመሆኑ ዕድል ነው» ይላል። ስህተት ነው። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚህች ቁጥር መግለጫ እስከ ማውጣት የደረሰው ባለሙያውም ጭምር ስለሚሳሳትባት ነው።

አሁኑኑ እንሞክራት። ከቦርሳሽ የአንድ ብር ሳንቲም አውጪ። ዘውድና ጎፈር እንጫወታለን። (ዛሬ ሳንቲሟ ላይ ዘውድ የለም፤ ያለው ሚዛን ነው። አጠራሩ ግን አልለቀቀንም።) 10 ጊዜ ወርውረሽ 9 ጊዜ ጎፈር መጣ እንበል። ሳንቲሟ ታጭበረብራለች? መጀመሪያ «አታጭበረብርም» ብለሽ ተነሺ። 10 ውርወራ በ1,024 ዓይነት መንገድ ሊወጣ ይችላል። ከነዚህ ውስጥ 9 ወይም 10 ጎፈር ያለባቸው 11 ብቻ ናቸው። አንድ በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በቃ፣ ፒ-ቫሉ ይህቺ ናት፦ ሳንቲሟ ንጹሕ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት የማየት ዕድል። «ዘውድ 9 ጊዜ ቢመጣም እኮ እጠረጥር ነበር» ካልሽ ቁጥሩን እጥፍ አድርጊው። ሳንቲሟ ንጹሕ የመሆኗን ዕድል ግን አልነገረችሽም። ይህን በደብተር ሥሪው። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ 10,000 ጊዜ እንዲደግመው እዘዢውና ከወረቀትሽ ጋር አስተያዪው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠይቅሽ አንደበትሽ አይተሳሰርም።

ችግርሽ የቪዲዮ እጥረት አይደለም። አንቺ አስጠኚ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። ጥያቄውን አንቺ ስትሠሪው ልጁ አንገቱን እየነቀነቀ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል። እስክሪብቶውን ስትሰጪው ይቆማል። ስልክሽ ፊት ስትቀመጪ ያ ልጅ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ያዢ። አንዱ ካን አካዳሚ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ላይ ያለው የስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ኮርስ ነው። ነፃ ነው። ግን ከቪዲዮው አትጀምሪ፤ በቀጥታ ወደ መልመጃው ግቢ። ስትሳሳቺ ብቻ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ቪዲዮውን እይ። ሁለተኛው ኦፕንስታክስ ያወጣው የመግቢያ ስታቲስቲክስ መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ነው ከጀርባው ያለው። ዋይፋይ ባገኘሽበት አንዴ ፒዲኤፉን አውርጂው፤ ከዚያ ወዲያ ካርድ አያስሞላሽም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው ሰፈርሽ ነው። ደብተር ይዘሽ ግቢ፣ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺ።

አንድ ሐሳብ አልገባ ብሎ ካስቸገረሽ ስታትኩዌስት ከሚባለው የዩቲዩብ ቻናል አንድ ቪዲዮ እይና እዚያው ዝጊ። ስሪብሉዋንብራውን (3Blue1Brown) የሚባለው የሒሳብ ቻናልም ውብ ነው። እኔም ቅዳሜ ማታ ሻይ ይዤ አየዋለሁ። ሥራ ግን አያስቀጥርም።

ሶፍትዌር ላይ አትጨነቂ። «አር» (R) የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጫኚ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የስታቲስቲክስ ሰዎች የጀመሩት ነው፤ እስከ ዛሬ ነፃ ነው። ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የሚባለውን የሚከፈልበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚጠቀም ቢሮ ቢገጥምሽ በሳምንት ትለምጂዋለሽ። ክራክ የተደረገ ፍለጋ ግን ፍላሽ ይዘሽ አትዙሪ፣ ቫይረስ ነው ይዘሽ የምትመለሺው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቀጣሪ ምን ተምረሻል ከማለት ይልቅ ምን ሠርተሻል ይልሻል። የሚሠራበት ዳታ ደግሞ የራሳችን አለ። የዓለም ባንክ የማይክሮዳታ (የእያንዳንዱ ተጠያቂ ጥሬ መረጃ) ገጽ ላይ ገብተሽ ብትመዘገቢ የኢትዮጵያን የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት በነፃ ታወርጃለሽ። ባንኩ ከእኛው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ጋር የሠራው ነው። አንድ ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ዙር፣ የ2011/12ቱ (እ.ኤ.አ.)፣ ገጠርንና ትንንሽ ከተሞችን ብቻ ነው የሚሸፍነው። አዲስ አበባን ብትፈልጊ አታገኚያትም። ትልልቆቹ ከተሞች የገቡት በሁለተኛው ዙር ነው። አንቺ የ2018/19ኙን ውሰጂ፤ ከ6,700 በላይ ቤተሰቦች አሉበት።

ከዚያ አንድ ተራ ጥያቄ ምረጪ። ለምሳሌ መብራት ያለው ቤተሰብ በከተማና በገጠር ስንት በመቶ ነው? መጀመሪያ ዝም ብለሽ ቁጠሪና አካፍይ። ቀጥሎ «ዌይት» የሚለውን ዓምድ ተጠቅመሽ ድገሚው። ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። ምክንያቱም እያንዳንዱ የተጠየቀ ቤተሰብ የሚወክለው የቤተሰብ ብዛት እኩል አይደለም፤ አንዱ ብዙ ሺህ ይወክላል፣ ሌላው ጥቂት። ብዙ ተመራቂ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማረጋገጫ አጣሁ እንዳትዪ፦ ጥናቱ የታተመ ሪፖርት አለው፣ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ። ያንቺ ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር ካልገጠመ ያለፍሽው ነገር አለ ማለት ነው። ሳይገጥም አትተኚ። ይህን ያህል የተሟላ መልስ ያለው መልመጃ በየትም ገንዘብ ከፍለሽ አታገኚም።

ሲገጥምልሽ ሁለት ገጽ ጻፊ፦ ምን ጠየቅሽ፣ እንዴት ሠራሽ፣ የት ተሳሳትሽ። የት ተሳሳትሽ የሚለውን እንዳትዘይው፣ እኔ ብቀጥር መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፣ ብር ካለሽ አልከለክልሽም። ግን ሲቪ ላይ ስድስት ሰርተፍኬት ደርድሮ አማካይና ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው ቁጥር) ለምን እንደሚለያዩ ማስረዳት ያቃተው ልጅ ፊቴ ተቀምጦ ያውቃል። ለጊዜው ይቆይ።

ማስጠናቱንም አትተዪ። ጂኦጂብራ የሚባለውን የሒሳብና የግራፍ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የፓራቦላ ጥያቄ ሲመጣ ልጁ ራሱ በጣቱ እየጎተተ ግራፉ ሲለዋወጥ ይይ። ለሌላ ሰው ማስረዳት የለመደ አናሊስት ብዙ የለም፤ ኢንተርቪው ላይ ይህን ሥራሽን አትደብቂው።

ሁለቱ ገጽ ሲያልቅ ላኪልኝ። ሲቪውን ያኔ አብረን እናየዋለን፤ ከዚያ በፊት እንዳትልኪልኝ።