ለነሐሴው የቤዝቦል ጉዞሽ፦ አራት ስታዲየም ይበቃችኋል

ሰላም እህቴ። የ11 ዓመት ልጅሽ ቤዝቦል ካላየ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ በነሐሴ የ9 ቀን ዕረፍት እንዳላችሁና ከሜሪላንድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ በመኪና ስታዲየም መዞር እንደምታስቡ አንብቤያለሁ። «ስንት ስታዲየም እንይ? ጨዋታው ለማይገባን ለእኔና ለአባቱስ አይሰለችም ወይ?» ላልሽው፣ እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሁለት ሰመር ስለዞርኩ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

በ2022 (ቀንና ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ሰባት ስታዲየም በዘጠኝ ቀን ለማየት ወጣን። ከዚያ ጉዞ እኔና ባለቤቴ የምናስታውሰው ሀይዌይና የሆቴል ፓርኪንግ ነው። በአምስተኛው ቀን ልጄ፣ ያ ለቤዝቦል የሚሞት ልጅ፣ ጨዋታው ከዘጠኙ ዙሮች (ኢኒንግ ይሏቸዋል) ሦስተኛው ላይ ሳለ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ቀረ። በ2024 አራት ብቻ አየን፤ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያኛው ነው። ስለዚህ አራት ይበቃችኋል። ስታዲየም ማለት ጨዋታው ብቻ አይደለም። በሮቹ ጨዋታው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይከፈታሉ። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ አጥሩ ጋ ሄዶ መቆም፣ ኳስ ወደ ልጆች ሲወረውሩ ጓንቲ ዘርግቶ መጠበቅ፣ ፊርማ መለመን፤ ለልጅ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ሰባቱን ስንሮጥ ሁልጊዜ የምንደርሰው ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ ስለነበር ይኼን ሁሉ አጥተነዋል።

ካርታ ከመክፈትሽ በፊት የጨዋታውን ፕሮግራም ክፈቺ። እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው፣ ግማሹን 81ዱን በሜዳው ይጫወታል። ሳምንት ያህል ቤቱ ይቆይና ደግሞ ሳምንት ያህል ይወጣል። እናንተ በደረሳችሁበት ቀን ቡድኑ ሌላ ከተማ ከሆነ የምታዩት ባዶ ወንበር ነው። መንገዱን የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። ሰኞና ሐሙስ የማይጫወቱ ቡድኖች ስለሚበዙ ረጅሙን መንገድ በእነዚያ ቀኖች ንዱት።

የእኔ ምርጫ ባልቲሞር፣ ኒው ዮርክ፣ ቦስተን፣ ከዚያ በኩፐርስታውን አድርጎ ፒትስበርግ፣ ከዚያ ቤት ነው።

ባልቲሞር ቅርብ ስለሆነ መለማመጃ ይሁናችሁ። ከቀኙ ሜዳ ጀርባ ያለውን ረጅም የጡብ መጋዘን ሳያፈርሱ ስታዲየሙን በ1992 ከፈቱት፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ስታዲየሞች ፈለጉን ተከትለዋል። በመጋዘኑና በሜዳው መካከል ባለው መተላለፊያ ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ የሄደ ምት) ተመትቶ ኳሱ ያረፈበት ቦታ ላይ ትንንሽ የነሐስ ምልክቶች መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ስምንት ዓመት የነበረችው ልጄ እየጎነበሰች በጣቷ ስማቸውን ስታነብ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ኒው ዮርክ ሁለት ስታዲየም አለ። ጊዜያችሁ ለአንድ ብቻ ከሆነ እኔ የኩዊንሱን ሲቲ ፊልድ እላለሁ። መግቢያው የጃኪ ሮቢንሰን መታሰቢያ ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ጥቁሮች ታግደው ወደኖሩበት ወደ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ የገባው እሱ ነው፤ በ1997 ደግሞ 42 ቁጥሩን ማንም ቡድን ለአዲስ ተጫዋች እንዳይሰጥ ተወሰነ። ከመግባታችሁ በፊት ታሪኩን ለልጅሽ ንገሪው። እዚህ አገር የሚያድጉ የእኛ ልጆች ያንን በር አውቀው እንዲገቡበት እፈልጋለሁ። መኪናውን ሆቴል ተዉት፣ 7 ቁጥር ባቡር ደጃፉ ላይ ያወርዳችኋል።

ቦስተን ሁለት ሌሊት እደሩ። ፌንዌይ ፓርክ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1912 ነው፣ አጼ ምኒልክ በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ለባለቤቴ ይኼን ስነግራት ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችው። በግራ በኩል ያለው አረንጓዴ ግንብ 37 ጫማ፣ ከ11 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሥሩ ያለው የውጤት ሰሌዳ ዛሬም በእጅ ነው የሚቀየረው፤ ሰውየው ግንቡ ውስጥ ሆኖ ቁጥር ሲሰቅል ታያላችሁ። በቀኝ በኩል ደግሞ አረንጓዴ ወንበሮች መሃል አንዲት ቀይ ወንበር አለች። የቦስተኑ መቺ ቴድ ዊሊያምስ በ1946 የመታው 502 ጫማ የሄደ ኳስ ያረፈው እዚያ ነው። ልጄ በሩ እንደተከፈተ ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ ተቀመጠባት፤ ከዚያ ሜዳውን አይቶ «አባዬ፣ መቺው እኮ አይታይም» አለኝ። ርቀቱ የገባኝ ያኔ ነው።

እዚያ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ጣሪያውን የተሸከሙ የድሮ የብረት ምሰሶዎች አሉ። እኔ በ2022 ቲኬት መልሶ ከሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ አራት ወንበር ገዛሁ፤ ምሰሶ እንደሚጋርደው የትም አልተጻፈም ነበር። የባለቤቴና የልጄ ወንበር ኳስ ወርዋሪውን ጨርሶ አያሳይም፣ እስከ መጨረሻው ቦታ እየተቀያየርን ጨረስነው። አሁን የምገዛው ከቡድኑ ከራሱ ነው፣ ወንበሩ የሚጋረድ ከሆነ ይጽፉታል። መኪናችሁን ሪቨርሳይድ ጣቢያ አቁማችሁ በአረንጓዴው መስመር ባቡር ግቡ።

ከቦስተን አራት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ኩፐርስታውን ትደርሳላችሁ። ከ1939 ጀምሮ ክፍት የሆነ የቤዝቦል ሙዚየም ያለበት ትንሽ መንደር ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ከዚያ ወደ ፒትስበርግ ሰባት ሰዓት ገደማ አለ፣ ከጉዞው ሁሉ ከባዱ መንገድ ይኼ ስለሆነ በጠዋት ውጡ።

ግን ፒትስበርግን እንዳትዘሉት። በጨዋታ ቀን ሮቤርቶ ክሌሜንቴ የሚባለው ቢጫ ድልድይ ለመኪና ይዘጋና ሕዝቡ በእግሩ ወንዙን ተሻግሮ ይገባል። እኛም በማታ ጀንበር፣ ጥቁርና ቢጫ ከለበሱ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ጋር ተሻገርን። ከድልድዩ ማዶ የክሌሜንቴ ሐውልት አለ። የፖርቶ ሪኮ ሰው፣ የፒትስበርግ ቡድን ተጫዋች ነበር። በ1972 መጨረሻ ኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ እርዳታ ጭኖ ራሱ አብሮ ሊያደርስ ተነሳ፤ ታኅሣሥ 31 ማታ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀ። በዚያ ዓመት 3000ኛ ሂቱን (መትቶ ቤዝ የደረሰበትን ምት) መትቶ ነበር፣ 3001ኛውን ሳይመታ ሄደ። የቀኙ ሜዳ ግንብ 21 ጫማ የሆነው በማልያ ቁጥሩ ነው። ልጄ ይኼን ሲያስረዳ ቤዝቦል ደንታ የማይሰጣት ባለቤቴ «ነፍሱን ይማረው» ብላ ቆመች፤ የዚያን ማታ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ጠይቃ ጠይቃ አየችው።

አይሰለችም ወይ ላልሽው መልሱም እዚያው ነው፦ ልጁን አስተማሪያችሁ አድርጉት። እኛ እግር ኳስ ለምደን ስላደግን ዓይናችን ኳሱን ፍለጋ ይባዝናል። ቤዝቦል ግን የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ነው፣ ወርዋሪውና መቺው። ሌላውን ሁሉ ተይና እነሱን ብቻ እይ፤ ቀጥሎ ምን ሊወረውር እንደሆነ ልጅሽን ጠይቂው። ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ለወርዋሪው ሰዓት ተቆርጦለታል፣ ቤዝ ላይ የቆመ ሯጭ ከሌለ 15 ሴኮንድ ብቻ ነው ያለው። በዚህ የተነሳ ጨዋታው በአማካይ ከሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ወርዷል።

ጉዞው በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከዋለ ፍልሰታ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ያለው ደግሞ ሆት ዶግና አይብ ነው። ባልቲሞርና ፒትስበርግ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ እኛ ሽሮ ፍትፍትና ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረን ገባን። የጀርባ ቦርሳ ብዙ ቦታ ስለሚከለከል የየስታዲየሙን ደንብ ቀድመሽ እይ። ፀሐይ ለማትችሉ የሦስተኛው ቤዝ ጎን (ከመቺው ጀርባ ሆነሽ ስታዪ በግራ ያለው) አብዛኛው ቦታ ቀድሞ ይጠልላል። ለልጅሽ የእንግዳ አገልግሎት ክፍል ሄደሽ «የመጀመሪያ ጨዋታው ነው» በይ፤ ብዙዎቹ ስሙን የሚጽፉበት የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣሉ። የእኔ ልጅ አራቱንም አልጋው በላይ ሰቅሏቸዋል።

ዝናብን አትርሺ፣ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቁ ብዙ ነው። ጨዋታው ከተሰረዘ ቲኬትሽ ለሌላ ቀን ይሠራል፤ ለመንገደኛ ግን ሌላ ቀን የለም። ቦስተን ሁለት ሌሊት ያልኩሽ ለዚህም ነው፣ ማታው ቢበላሽ ማግስቱ ይኖራችኋል።

የምትወጡበትንና የምትመለሱበትን ቀን፣ የልጅሽንም ቡድን እዚሁ ጻፊልኝ። ፕሮግራሙን ይዤ የትኛው ከተማ ከየትኛው ቀን ጋር እንደሚገጥም እነግርሻለሁ።